አንድ ቀን ጨምሩልኝ ብዬ ያስከፈትኩት መዝገብ

ሰው በድንበር ይጣላል፣ በበሬ ይጣላል፣ ሲብስበትም በዶሮ ይጣላል። እኔ የተጣላሁት ከቀን መቁጠሪያ ጋር ነው። አትሳቁ፤ ኋላ የምትስቁበት ብዙ አለ። አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ አያሌው ያረፈው ጳጉሜን ስድስት ቀን ነው፤ በሉቃስ ዘመን። ልብ በሉ፤ ጳጉሜን በሦስቱ ወንጌላውያን ዘመን አምስት ቀን ናት፤ በሉቃስ ብቻ ስድስት ትሆናለች። ለሰው ሁሉ የሚበቃ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት የታወቀ ቀን እያለ፣ ባሌ በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትለዋን ቀን መርጦ ሄደ። ድሮም ቀላሉን ነገር አይወድም። ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ነበር የሚያንቀሳቅሰው፤ አንዲት ብሎን ለመፍታት ሞተሩን በሙሉ የሚያወርድ ሰው ነው። አሟሟቱም እንደዚያው ሆነ።

አርባውና መንፈቁ ያለ ችግር አለፉ፤ የንስሐ አባቴ በጣታቸው ቆጥረው ነገሩኝ። ጭንቁ የመጣው ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ነው። የሞተባት ቀን በዘንድሮው ዓመት የለችም። የለችም ስል የለችም ነው፤ ከጳጉሜን አምስት ቀጥሎ መስከረም አንድ ይገባል። በመካከል ያለችው፣ የኔይቱ ቀን፣ እንደ ወለቀ ጥርስ ጎድላለች። ምላሴ እየሄደ ክፍተቱን ይነካል እንጂ ጥርሱን አያገኘውም።

ያገኘኝ ሁሉ "አምስት ላይ አውጪዋ!" ይለኛል። አምስትን አልፈልጋትም። በዚያች ቀን ከባሌ ጋር ተኳርፈን ነበር።

የዚያን ዓመት ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ሲወርድ ነጭ ነጠላዬን በተባረከው ውሃ አጥቤ አሰጣሁ። ለዘመን መለወጫ የምለብሰው ነው። ባሌ ከወፍጮ ቤት መጣ፤ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ነው። "ጨርቅ የታለ?" አለና መልስ ሳይጠብቅ የተሰጣውን ስቦ ጠረገበት። አይቶ እንዳይመስላችሁ፤ ሞተር ሲያስብ ዓይኑ ወደ ውስጥ ነው የሚያየው። እኔ ግን አኮረፍኩ። አልጮህኩም፣ አልሰደብኩትም፤ ጩኸት ቶሎ ያልፋል። ዝም አልኩ። ዕድሜዋን መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ዝም ስትል ምን እንደሚመስል አታውቁም። ፋይሉ ይዘጋል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ቁልፉም ይጠፋል።

ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መግባት ግን ደግ አይደለም። ስለዚህ ለኩርፊያዬ ቀነ ገደብ ቆረጥኩለት፤ እስከ እንቁጣጣሽ ጠዋት። አራትን ዝም፣ አምስትን ዝም። በአምስት ጠዋት ባሌ ተነሥቶ ይፋግ፣ ታላቅ እህቱ ዘንድ ሄደ። "ሊያማኝ ነው" አልኩ በልቤ። ሲመለስ ራቱን አቀረብኩና ፊቴን አዞርኩ። በነጋታው ማልጄ ተነሣሁ፤ ቄጤማ ጎዘጎዝኩ፤ አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ፤ ሦስት ቀን ታፍኖ በሰነበተ ድምፅ "እንኳን አደረሰህ" አልኩት። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አየኝና ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"ሉቃስ ነው እኮ! ገና አንድ ቀን አለሽ፤ ካማረሽ እስከ ነገ አኩርፊ" አለኝ።

ዕድሜዬን በሙሉ በደብዳቤ ራስጌ ላይ ቀን ስጽፍ የኖርኩት ሴት ስድስተኛዋን ቀን ረስቻት ነበር። እኔም ሳቅኩ። ታረቅን። ከሰዓት በኋላ "ወፍጮ ቤት ደርሼ ልምጣ" ብሎ ወጣ፤ ሰዎች ተሸክመውት መጡ። ልቡ ነው አሉ። በእንቁጣጣሽ ቀበርነው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ስድስት የታረቅንባት ናት፤ እሷ የለችም። አምስት ያኮረፍኩባት ናት፤ እሷ አለች። ታዲያ ባኮረፍኩባት ቀን ሰው ሰብስቤ "ነፍስ ይማር" ላስብል? ይፋግ ሂዶ ምን ብሎ እንዳማኝ እንኳ አላውቅም። እህቱን ለመጠየቅ ዓመት ሙሉ አልደፈርኩም።

መስከረም አንድ እንዳላደርገው የዕድራችን ደንብ አለ፤ በዓመት በዓል ድንኳን አይወጣም፣ አግዳሚ ወንበር አይነሣም። ሊቀ መንበራችን አያ በላይ ደግሞ ደንብ ከሆነ ለእናታቸውም አይራሩ። ካቻምና ሁለት ሙት ዓመት በአንድ ቀን ተደርቦ፣ ሸራው አንዱ ቤት ምሰሶው ሌላው ቤት ሄዶ ተጣልተን ነበር። እዚያ ምሰሶ ያለ ሸራ፣ እዚህ ሸራ ያለ ምሰሶ፤ እንግዶቹ ሸራውን በእጃቸው ወጥረው ይዘው በየተራ በሉ። ከዚያ ወዲህ አያ በላይ ነገሩን ሁሉ ወደ ስልክ አስገቡት። በጎ ፈቃደኞች ያለ ክፍያ የሚሠሩት አንድ የቀን መቁጠሪያ አለ፤ ጾሙን፣ በዓሉን፣ ሙት ዓመቱን ይቆጥራል፤ ቀኑ ሲደርስም ለዕድሩ አባላት በሙሉ መልእክት ይልካል። "ስልኩ ያላለውን ዕድሩ አይልም" ሆነ የአያ በላይ ሕግ።

በግንቦት ስልኬን አንሥቼ የባሌን ስም፣ ጳጉሜን ስድስት፣ በየዓመቱ ብዬ አስገባሁ። ስልኩ ጥቂት አሰበና "ቀጣዩ መታሰቢያ፦ ዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6" ብሎ መለሰልኝ። ባሌን የዓለም ዋንጫ አደረገው!

አያ በላይ ዘንድ ሮጥኩ። መገንጠያው ላይ፣ የደብረ ታቦር መኪኖች ከሚቆሙበት ጥግ፣ ገመድና ሸራ ይሸጣሉ።

"አያ በላይ፣ ስልኩ ባሌን አራት ዓመት አስተላለፈብኝ!"

"ታዲያ ምን ቸገረሽ? እስከዚያ ታርፊያለሽ።"

"ሙት ዓመት በአራት ዓመት ይወጣል እንዴ?"

"አምስት ብለሽ አስገቢያ።"

"አምስት አልፈልግም።"

"እንግዲያው ለሠሪዎቹ ንገሪ። ከሥር 'ስህተት ካገኙ ያሳውቁን' የሚል አለ፤ እሱን ነካ አርጊው። ስልኩ እሺ ካለ ድንኳኑን እኔ ራሴ ተሸክሜ እመጣለሁ። ካላለ ግን፣ የኔ እመቤት፣ አንዲት ካስማ አላነሣም።"

ነካ አደረግኩት። አንድ ገጽ ተከፈተ፤ ከላዩ "የጉዳዮች መዝገብ" ይላል። መዝገብ! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህን ቃል ያየሁበት ጊዜ የለም። እያንዳንዱ ጉዳይ ቁጥር አለው፤ ማን እንደከፈተው፣ ማን እንደያዘው፣ ክፍት ይሁን ዝግ ተጽፏል። የኛን መሥሪያ ቤት አይጥ የማይበላው ሆኖ አገኘሁት። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ቤቴ ውስጥ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በር፣ ከበር መልሼ ጓዳ ነኝ። ያን ዕለት ግን ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ በአንድ ጣቴ ፊደል እየለቀምኩ፣ ከቀትር እስከ ከብት መግቢያ ጻፍኩ። በሥርዓቱ ነው የጻፍኩት፦

"ለሚመለከተው ሁሉ። ጉዳዩ፦ የጎደለች አንዲት ቀን እንድትጨመርልኝ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ ለዘንድሮው ጳጉሜን አንድ ቀን እንድትጨምሩልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ለአገር ሁሉ አያስፈልግም፤ በእኔና በዕድራችን ስልኮች ላይ ብቻ ይበቃል። በጎ ፈቃደኞች ከሆናችሁ ዘንድ ለአንድ ቀን ፈቃዳችሁ እንደማይጠብ ተስፋ አለኝ።"

ከዚያ ግልባጭ። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ጅራት እንደሌለው በሬ ነው፤ ዝንብ እንኳ አያባርርም። በገጹ ላይ ያገዙ ሰዎች ስም ተዘርዝሮ አገኘሁና ሁሉንም፣ አንድም ሳላስቀር፣ ከታች ደረደርኳቸው። ለካስ ስማቸው በተጻፈ ቁጥር የያንዳንዳቸው ስልክ ይጮሃል። አንዱ ሰርግ ላይ ነበር፤ አንዱ ጀርመን አገር ተኝቶ ነበር፤ አንዱም ከሦስት ዓመት በፊት ሥራውን ትቶ ንብ ማነብ ጀምሮ ኖሮ "እባካችሁ ከዚህ ነገር አውጡኝ" ብሎ ጻፈ።

የመለሰችልኝ ሰላማዊት የምትባል ሴት ናት። ሐዋሳ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ የቀን መቁጠሪያውን ከሥራ መልስ ነው የምትይዘው። "ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ሁሉንም ሰው ባይጠሩ ጥሩ ነው። ስህተቱን እኛም ዘንድ አድርገን እንድናየው፣ እንዴት እንደሚደገም ደረጃ በደረጃ ይጻፉልን" አለችኝ።

እንዴት እንደሚደገም! ይህን ስትጠይቀኝ ጥቂት ተንቆራጠጥኩ። ግን የመሥሪያ ቤት ጥያቄ አይታለፍም፤ ጻፍኩ።

"አንደኛ፣ ዘመኑ ሉቃስ ይሁን። ሁለተኛ፣ ባል ይኑርሽ፤ የወፍጮ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ነጭ ነጠላ አስጪ። አራተኛ፣ ሦስት ቀን አኩርፊ። አምስተኛ፣ በጳጉሜን ስድስት ጠዋት ታረቂ። የቀረውን አልጽፈውም። እናንተ ዘንድ እንዲደገም አልመኝም፤ አምላክ ይጠብቃችሁ።"

ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ነበረው፦ "የጠበቁት ምን ነበር? የሆነውስ ምንድን ነው?"

"የጠበቅኩት፣ አብረን እንድናረጅ። የሆነው፣ ብቻዬን ቆሜ ስልክ እነካካለሁ።"

በሦስተኛው ቀን ሰላማዊት መጣች፦ "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥያቄው ስለ ስልኩ ነበር።"

"እኔም ስለ ስልኩ ነው የመለስኩት ልጄ" አልኳት።

ከዚያ ጉዳዬ ላይ ሁለት ምልክት ተለጠፈበት። አንዱ "ቅድሚያ፦ ዝቅተኛ" ይላል፤ ሌላው "አልፎ አልፎ የሚያጋጥም"። ዝቅተኛ! እኔ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ዝቅተኛ የተባለ ፋይል ከመስኮቱ ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ጣሪያው የሚያፈሰውም እዚያ ላይ ነው። በእጄ ያስገባሁት ስንት ሰው አለ! ያኔ ከመስኮቱ ማዶ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው እግር እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አላየሁም ነበር። እነሆ ተራው ደረሰኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ለዕድራችን ሴቶች አጫወትኳቸው። ስሞታ ማሰማቴ ነበር እንጂ ምንም አላልኳቸውም።

"የት ነው የሚገኘው ይኸ መዝገብ?" አለች አንዷ።

"በስልኩ በኩል ይገባል።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ሳትነግሪን! ሐዘንተኛ ብቻዋን ትቀመጣለች?"

እኛ አገር የለቅሶ ቤት ደጃፍ ክፍት ሆኖ ሳለ አይታለፍም። የሆነውን ገምቱ። ዕድሩ በሙሉ ለቅሶ ሊደርስ ወደ መዝገቡ ጎረፈ። "እግዚአብሔር ያጥናሽ።" "ያጥናሽ እቴ።" "ቀብሩ ላይ ያልደረስኩት በሽታ ጥሎኝ ነው፤ ይቅርታ።" "ሩዝ አረም ላይ ሆነን ነው የዘገየን፤ ያጥናሽ።" አንዱማ በጎ ፈቃደኞቹ የአያሌው ዘመዶች መስለውት "እናንተንም ያጥናችሁ፤ ያለ አባት አያስቀራችሁ" ብሏቸዋል። ምስኪን ሰላማዊት ምን ትበል? "አሜን፣ ነፍስ ይማር" ብላ ጻፈች። በቃ፤ አሜን የሚል ሰው ከተገኘማ ለቅሶ አያልቅም። ያልሰሙት ሰሙ፤ ደራ ያሉት መጡ፤ አዲስ ዘመን ከተማ ያሉት መጡ። ጀርመን ያለው ሰውዬ "ስልኬ ማታውን ሲጮህ አደረ፤ ማነው የሞተው?" ብሎ ጠየቀ፤ ሲነገረው እሱም "ያጥናሽ" አለኝ።

በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር። ግን ሰው ለቅሶ ሲመጣ ዙሪያውን ያያል። "የጉዳዮች መዝገብ" የሚለውን አነበቡ። በወረዳችን በፎገራ ደግሞ ጉዳይ የሌለው ሰው የለም። "የጎረቤቴ ኮርማ ችግኜን በላው።" "ማዳበሪያ መቼ ነው የሚመጣ?" "መብራት ከጠፋ አራተኛ ቀናችን ነው።" አንዲት ሸክላ ሠሪ "በቅዳሜ ገበያ የቆየ ቦታዬን ሸራ ሻጭ ያዘብኝ" ብላ ከፈተች። ቀን የሚቆጥሩት ምስኪኖች በአንድ ሳምንት የወረዳ ምክር ቤት ሆነው አረፉ።

እኔ አፈርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔም ያፈሰስኩትን ልለቅም ተነሣሁ። ሥራዬ አይደል? አንድ በአንድ ገባሁባቸው። "ኮርማውን የሚመለከተው ጉዳይ ለመንደር ሽማግሌ ይቅረብ፤ ይህ መዝገብ ተዘግቷል።" "መብራቱ ሲመጣ ሁላችንም እናየዋለን፤ ተዘግቷል።" ለሸክላ ሠሪዋ፦ "ሸራ ሻጩ አያ በላይ ናቸው፤ ነግሬያቸዋለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ግራ ይሸሻሉ፤ ተዘግቷል።" አያ በላይ በርግጥ ሸሹ፤ ሲሸሹም "ስልኩ ካለ ምን አደርጋለሁ!" ሲሉ ተሰምተዋል።

የኛን ሰው ጣጣ ስጨርስ እጄ አላርፍ አለ። የነሱንም የቆየ ጉዳይ መደርደር ጀመርኩ። አምስት ሰው አምስት ጊዜ የከፈተውን አንድ ጉዳይ እየለየሁ አንዱን አስቀርቼ በሌሎቹ ላይ "ከዚህ በፊት ከቀረበው ጋር ተመሳሳይ" እያልኩ ወደ እሱ ጠቆምኳቸው። ሰላማዊት ተደንቃ "እናቴ፣ ይህን የሚያደርግልን አጥተን ነው የኖርነው" አለችና የመክፈቻና የመዝጊያውን ሥልጣን ሰጠችኝ። ባሌ ቢኖር "ጡረታ ወጣሁ ብላ አገር መዝጋት ጀመረች" ይል ነበር። የባሌ ጉዳይ ግን አሁንም ዝቅተኛ ናት፤ የራስን ፋይል በራስ እጅ ከፍ ማድረግ ነውር ስለሆነ አልነካኋትም።

በሐምሌ መጨረሻ ሰላማዊት ራሷ ከፍ አደረገቻት። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "እናቴ፣ ቀን መጨመር ከአቅማችን በላይ ነው። የምንችለው እንዲህ ነው፤ በጳጉሜን ስድስት ላረፈ ሰው፣ ቀኑ በሌለበት ዓመት በምትኩ የትኛው ቀን እንደሚታሰብ ቤተሰቡ እንዲመርጥ እናደርጋለን። በነሐሴ ማብቂያ ይወጣል። የእርስዎ ቀን የትኛው ነው? አምስት ወይስ መስከረም አንድ? ምክንያቱንም ይጻፉልን፤ ለሌላው ሰው መመሪያ ይሆናል።"

ስታገልለት የከረምኩት በር ተከፈተና መግባት አቃተኝ። ወጥቼ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄድኩ፤ ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ደረስኩ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ነፍስ ቀን አትቆጥርም፤ ቀን የሚቆጥረው የቀረው ሰው ነው። አምስት ላይ ብታወጪው አምላክ 'ቀን ተሳስተሻል' ብሎ አይመልስብሽም።"

"እርስዎ እንዲህ ይላሉ አባ፤ ስልኩ ግን መልሶብኛል።"

"እንግዲያው ከስልኩ ጋር ተነጋገሪ" ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

በዚያው ሰሞን መዝገቡን ስከፍት አዲስ ጉዳይ አገኘሁ። ከይፋግ ነው። የባሌ ታላቅ እህት እቴ ዓለም፣ ወሬውን ሰምተው፣ ለጎረቤታቸው ለሸማኔው በቃል እየነገሩ ያጻፉት፦ "ወንድሜ በአምስት አልሞተም። በአምስት እኔ ቤት ምሳ በልቷል። ምሳ የበላ ሰው ሙት ዓመት አይወጣለትም። የሚል ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ።"

እኔ ምን አደረግኩ? የመዝገብ ሰው ነኝ። ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ቀን፣ ሁለት ጉዳይ አይከፈትም። እጄ ሳያማክረኝ "ከዚህ በፊት ከቀረበው ጋር ተመሳሳይ፤ ተዘግቷል" ብሎ ዘጋው። የባሌን ታላቅ እህት በአገር ፊት ዘጋኋቸው!

በነጋታው ደወሉ። "አንች!" አሉኝ። "ያቀፍኩትን ወንድሜን አገባሽ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ አፌን ትዘጊ?" ስልኩን እሳቸው ዘጉት። ሰላማዊትም ከሐዋሳ "የቤተሰብ ነገር ስለሆነ በመካከላችሁ ተስማሙና የተስማማችሁበትን አሳውቁን" ብላ እጇን ታጠበች።

በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት ይፋግ ሄድኩ። ዓመት ሙሉ የሸሸሁት መንገድ ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ይሄዳል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሩዙ ውሃው ላይ ቆሟል። በሚኒባሱ ውስጥ አላርፍ ብዬ ቦርሳዬን ስከፍትና ስዘጋ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው "እማማ፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?" አለኝ። "አንድ ቀን" አልኩት። ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ።

እቴ ዓለም በረንዳቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ እንዝርቱን አላቆሙም።

"ዘጊዋ መጣች?"

"እቴ ዓለም፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"ቁጭ በይ።"

"መቀመጥ አልችልም።"

"ተቁሞ ነገር አይሰማም። አምስት ልትይ ከሆነ የመጣሽ፣ አይሆንም። በልቷል ብየሻለሁ። ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በልቷል። ይኸን ሁሉ የበላ ሰው በዚያ ቀን ሞተ አይባልም።"

"አምስትን እኔም አልፈልጋት።"

እንዝርቱ ቆመ። "አንችስ ለምን?"

ነገርኳቸው። ነጠላውን፣ ግሪሱን፣ ዝምታውን ነገርኳቸው። "በዚያ ቀን አኩርፌው ነው እርስዎ ዘንድ የመጣው" አልኩ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያልደፈርኩትን ጠየቅኩ፤ "ምን ብሎ አማኝ?"

እቴ ዓለም እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አኖሩ። "ማማትስ አማሽ" አሉ።

ግድግዳውን ያዝኩ።

"እንዲህ ነው ያለኝ። 'አኩርፋኛለች። ለእንቁጣጣሽ ልትታረቀኝ ነው የያዘችው፤ ቄጤማዋን ዛሬ አስመጥታ ውሃ ውስጥ ስትነክር አይቻታለሁ። ሉቃስ መሆኑን ረስታዋለች። ነገ ማልዳ ተነሥታ እንኳን አደረሰህ ትለኛለች። እኔም አልነግራት' ብሎ ሳቀ። ምን ሳቅ ነው የምልሽ! እህሉ አነቀው፤ ጀርባውን የደበደብኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ተነሥቶ እዚያ በር እስኪደርስ ይስቃል። 'እደር እንጅ፣ ዝናብ ነው' ብለው 'አይሆንም እቴ፣ ነገ ማልጄ መንቃት አለብኝ፤ ስታፍር እንዳያመልጠኝ' ብሎኝ ሄደ።"

ተቀመጥኩ። የት ላይ እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ኋላ ሳየው የጥጡ ቁና ላይ ነው።

"ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ!"

"ጠየቅሽኝ? በተገናኘን ቁጥር ዓይንሽን ትሰብሪያለሽ። ተበድረሽ የጠፋሽ ይመስል።"

እቴ ዓለም በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሱ መስሎኝ ልይዛቸው ስነሣ፣ ለካስ እየሳቁ ነው።

"ቀሚሱንም ለብሰሽ?"

"ለብሼ።"

"አዲሱን?"

"አዲሱን፤ ከነመቀነቱ።"

"ወይ አንች!" አሉና እንባቸውን ጠረጉ። ኋላ እንዝርቱን አነሡ። "በይ እንግዲህ አምስት ብለሽ ጻፊ። ግን አላለቅስልሽም፤ በዚያ ቀን አላለቀስኩም። የበላውን ሠርቼ እመጣለሁ።"

"ይምጡልኝ።"

"ስልክሽን አውጭ። እኔ ፊት ጻፊው፤ ደግሞ ትዘጊብኝና!"

ቁናው ላይ እንደተቀመጥኩ አወጣሁት። እቴ ዓለም በትከሻዬ በኩል ያያሉ፤ ማንበብ ባይችሉም ጣቴ በቆመ ቁጥር "ምነው ቆምሽ?" ይላሉ። ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ቀኑ ጳጉሜን አምስት ይሁን። ምክንያት፦ ሟች በተጠቀሰው ዕለት በሚስቱ ሲስቅ ውሏል። የዓይን ምስክር አለች።"